በዘጠኝ ዲግሪ መስመር፦ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባ የካርታ ጉዞ

ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ስንማር ኬክሮስን ሸምድደናል። «ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለ ርቀት፣ በዲግሪ ሲለካ።» ፈተናው አለፈ፣ ትርጉሙም አብሮ አለፈ። የአገሮች ዋና ከተማም እንደዚያው ነው። ፓራማሪቦ፣ ኡላንባታር፣ ዋጋዱጉ እያልን በቃላችን ወጣነው። እዚያ ያለው ሰው ምን ይበላል፣ ለምንስ እዚያ ሰፈረ ብሎ የጠየቀን ግን የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጨዋታ ጀመርኩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ይህን መስመር ይዤ፣ ግራ ቀኝ ሳልል ወደ ምሥራቅ ብሄድ የት የት እደርሳለሁ? ዞሬ ቤቴ እስክገባ ድረስ ማለቴ ነው። ጨዋታው ቀላል ይመስላል። ግን አንድ ብልሃት አለው። በአንድ ኬክሮስ ላይ ያሉ ቦታዎች ፀሐይዋን የሚያዩት በእኩል ከፍታ ነው። ስለዚህ አንዱ በረሃ፣ አንዱ ጫካ፣ አንዱ ብርዳም ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ወይ ከፍታ፣ ወይ ነፋስ፣ ወይ ውሃ፣ ወይ ደግሞ የሰው ውሳኔ። ፀሐይን ከጥርጣሬ ካወጣችሁ፣ የቀሩትን ተጠርጣሪዎች አንድ በአንድ መመርመር ነው።

አሠራሩ ይኸውና። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

የሚያስፈልጋችሁ

ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ ጉግል ኧርዝ። ደብተርና እርሳስ። የሳተላይት ምስል ዳታ ይበላል፤ ፓኬጃችሁ ሳያልቅ በፊት ዋይፋይ ያለበት ቦታ ፈልጉ። ኢንተርኔት ከሌለ አሮጌ አትላስና አንድ ዘለላ ክር ይበቃል። እንዲያውም በአትላስ የጀመረ ሰው የሚማረው ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ማጉላት ስለማይችል መጠየቅ ይጀምራል።

1. መጀመሪያ መስመሩን ደጃችሁ ላይ አግኙት

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። 9 ዲግሪ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች፤ አንዴ ሚያዝያ 5 ገደማ፣ አንዴ ነሐሴ 24 ገደማ። ነሐሴ ደመና ስለሆነ ሚያዝያን ጠብቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ ቀጥ ያለ ዱላ ወይም ጠርሙስ ሜዳ ላይ አቁሙ። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ጥላው ከሥሩ ገብቶ ይጠፋል።

ለምን 6 ሰዓት ላይ አይሆንም? ሰዓታችን የተቆረጠው ለ45 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። አዲስ አበባ ግን 38 ዲግሪ ከሦስት ሩብ ገደማ ላይ ናት። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ልዩነቱን በ4 አባዙት፤ 25 ደቂቃ ይወጣል። በቃ፣ ኬንትሮስንም (የምሥራቅና የምዕራብ ልኬቱን) በዚያው ተማራችሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በዚህ መስመር ላይ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። «ጠዋት 1 ሰዓት» ብለን ከፀሐይ መውጫ መቁጠራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ስቶክሆልም ቢሆን በታኅሣሥ ቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ ብቻ ስለሆነ አቆጣጠሩ አያዛልቅም ነበር።

2. መስመሩን አስምሩ፣ ወርዱንም ወስኑ

በአትላስ ላይ ክሩን ከአዲስ አበባ ጀምራችሁ ከምድር ወገብ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ወጥሩት። ጉግል ኧርዝ ላይ ደግሞ በካርታው አማራጮች ውስጥ ያሉትን የፍርግርግ መስመሮች አብሩ። ከዚያ መፈለጊያው ላይ «9, 38.75» ብላችሁ ጻፉ።

ቀጭን መስመር ብቻ ከተከተላችሁ ብዙ ጥሩ ነገር ያመልጣችኋል። ከላይም ከታችም አንድ አንድ ዲግሪ ፍቀዱ። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 220 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ መንገድ ይኖራችኋል። የዙሩ ርዝመት 39,600 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

3. በመጀመሪያው ዙር ከፍታ ብቻ ጻፉ

እንዳትቸኩሉ። ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ ምግብ ቆይ ይደርሳል። መጀመሪያ ጠቋሚውን በመስመሩ ላይ እየነዳችሁ ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚታየውን ከፍታ መዝግቡ።

አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ብላችሁ ጀምሩ። ወደ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ አዋሽ ሰባት ኪሎ ስትደርሱ 1,000 ሜትር አካባቢ ታያላችሁ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። ከተማው ሳትደርሱ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ አፉን ከፍቶ መስመሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ትንሽ አልፋችሁ ጭሮ ላይ እንደገና 1,800 ሜትር ትወጣላችሁ። ሐረርም በዚያው ከፍታ አካባቢ ናት። ከዚያ ጅግጅጋ፣ ሐርጌሳ፣ እያለ ወደ ውቅያኖሱ ይወርዳል።

እነዚህን ቁጥሮች በነጥብ አስቀምጣችሁ በመስመር አያይዟቸው። ደጋ፣ ወይናደጋ፣ ቆላ የምንለው ነገር በአንድ ገጽ ላይ ሥዕል ሆኖ ይወጣል። ጫት የት እንደሚበቅል፣ ግመል የት እንደሚጀምር ከሥዕሉ ላይ መገመት ትችላላችሁ።

አሁን አንድ ስሌት ሞክሩ። መጽሐፉ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል ይላል። የፓናማ ዋና ከተማ ፓናማ ሲቲ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ኬክሮስ ላይ ናት፣ ባሕር ዳርቻ ላይ። በስሌቱ ከሄድን አዲስ አበባ በ15 ዲግሪ ልትበርድ ይገባት ነበር። የሁለቱን የዓመት አማካይ ስታስተያዩ ግን ልዩነቱ 11 ገደማ ነው። አራቷ ዲግሪ የት ገባች? ስሌቱ የሚሠራው መሬት ላልነካው አየር ነው። የእኛ ደጋ ሰፊ ነው፤ መሬቱ ራሱ ፀሐይ ይመታዋል፣ ላዩ ያለውን አየርም ያሞቃል። ፓናማን ደግሞ ባሕሩ ያበርድላታል። ቁጥር ከመጽሐፍ ጋር አልገጥም ሲላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ጥሩው ነገር ያለው እዚያ ነው።

4. ነፋሱን ጠይቁት

ሁለተኛው ዙር የዝናብ ነው። ለእያንዳንዱ ማረፊያችሁ የአሥራ ሁለቱን ወራት ዝናብና ሙቀት ፈልጋችሁ ጻፉ። ለመለማመጃ ከደቡብ ሕንድ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በክረምታችን ወራት ኃይለኛ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ተነስቶ የሶማሊያን ጠረፍ ታኮ ወደ ሕንድ ይነጉዳል። ሶማሊያ ላይ ብዙ ዝናብ አይጥልም። ጠረፉን ይዞ ያልፋል እንጂ ወደ መሬቱ አይገባም፤ ከዚያም በላይ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ እየጎተተ ያወጣል፣ በቀዝቃዛ ባሕር ላይ ደግሞ ዝናብ በቀላሉ አይፈጠርም። ያ ነፋስ የአረብ ባሕርን አቋርጦ ውሃ ጠጥቶ ሲያበቃ በግንቦት መጨረሻ ገደማ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ያለችው ኬረላ ግዛት ይደርሳል። የሕንድ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሞንሱንን፣ ማለትም የዚህን ዝናብ አምጪ ነፋስ፣ መግባት የሚያውጀው እዚያ ነው፤ የተለመደው ቀን ጁን 1 ነው።

ካርታውን አጉሉት። ከባሕሩ ጥቂት ገባ ብሎ ምዕራባዊ ጋትስ የሚባል የተራራ ሰንሰለት ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ነፋሱ ሲገጨው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ የተሸከመውን ያወርዳል። በኬረላ በዓመት 3,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። ከተራራው ጀርባ፣ ከምዕራቡ ጠረፍ 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ቱቱኩዲ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። እሷ 700 እንኳ አትሞላም። ከላይ ስታዩ ከተማዋ አጠገብ ነጫጭ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል፤ የጨው ማምረቻ ናቸው። በተራራው በዚያ በኩል ሩዝ፣ በዚህ በኩል ጨው። ፀሐይዋ ያው አንዷ ናት።

አሁን ወደ ሰው መግባት ይቻላል፤ ዝናቡን ስላወቃችሁ የሚበቅለውን ትገምታላችሁ። ቁንዶ በርበሬና ሄል ከዚያ እርጥብ ተራራ ነው የመጡት። መስመራችን አጠገብ «የሄል ኮረብቶች» የሚባል ቦታ እንኳ አለ። የጓዳችን ቅመም የፈረንጆቹን መርከብ ሁሉ ወደዚያ ጠረፍ የጠራ ሀብት ነበር። እዚያው ኮታያም የምትባለው ከተማ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ናት። ከእኛ ተዋሕዶ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ መሪዎቹ በ1965 አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ነበር። በንጉሡ ዘመን የተማሩ ሰዎችን ደግሞ ጠይቁ። ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሯቸው ሕንዳውያን፣ ከእነሱም ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ናቸው። ከካርታ ላይ ነፋስ ስትከተሉ የአባታችሁ መምህር ጋ ትደርሳላችሁ።

5. ቅርጾችን ማንበብ ተለማመዱ

ከሕንድ ወጥታችሁ የስሪላንካን ሰሜን፣ የታይላንድን ቀጭን አንገት አቋርጡ። ቬትናም ደቡባዊ ጫፍ ካ ማው ላይ ቁሙ። እዚህ ስም አታንብቡ። ጽሑፉን አጥፉና ቅርጽ ብቻ እዩ።

ደንቡ ቀላል ነው። ተፈጥሮ ቀጥ ያለ መስመር እምብዛም አይሠራም። የተጠማዘዘ ውሃ ካያችሁ ወንዝ ነው፤ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ካያችሁ ሰው የቆፈረው ቦይ ነው። ካ ማው ከሜኮንግ ዴልታ ጋር የተያያዘ፣ ደለል የሠራው ምድር ነው። ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው ያለው። ጠቆር ያሉት አራት ማዕዘኖች የሽሪምፕ ኩሬዎች ናቸው። ጠረፉ ላይ ያለው ጥቅጥቅ አረንጓዴ ማንግሮቭ ነው፣ ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ የሚተክል ዛፍ። ቤቶቹ ተሰብስበው አታገኟቸውም፤ በቦዩ ዳርና ዳር እንደ ጨሌ ተሰካክተዋል። መንገዱ ውሃው ነዋ!

ይህን ዓይን ይዛችሁ ተመልሳችሁ የአገራችንን ገጠር እዩ። ደጋ ላይ ቤቱ ወዴት ይሰበሰባል? ከውሃው አጠገብ ነው ወይስ ከጉብታው ላይ? መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የራሳችሁን ሰፈር ውሰዱ።

6. ባሕሩን አትዝለሉት

ከፊሊፒንስ ምሥራቃዊ ጠረፍ እስከ ኮስታ ሪካ 16,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጠቅላላው ዙር ከ40 በመቶ በላይ ማለት ነው። ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ካርታ ፓስፊክን ሁለት ቦታ ቆርጦ ዳርና ዳር ስለሚጥለው ስፋቱ አይገባንም። ጣታችሁን ሳታነሱ በዝግታ ጎትቱት። ይሰለቻል። መሰልቸቱ ራሱ ትምህርት ነው።

መሃል ላይ የማርሻል ደሴቶች አካል የሆነውን ኳጃሌይንን ፈልጉ። የኮራል ቀለበት ነው። ዙሪያው 100 የሚጠጉ ትንንሽ ደሴቶች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። የከበቡት ባሕር ግን ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መሬቱ የባሕሩ አጥር ነው ብትሉ ይቀላል።

7. ፓናማ ላይ አቅጣጫችሁን ፈትኑ

ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ በፓናማ ቦይ የምትሻገር መርከብ ወደየት ትሄዳለች? ሁሉም ሰው «ወደ ምዕራብ» ይላል። እኔም ብያለሁ። ካርታውን አጉልታችሁ እዩ፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው የምትሄደው። መሬቱ እንደ እባብ ስለተጠማዘዘ የፓስፊኩ በር ከአትላንቲኩ በር በስተምሥራቅ ይገኛል።

ቦዩ በ1914 ተከፈተ፤ ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ባሕር ያገናኘ የባሕር ውሃ ጉድጓድ ይመስለዋል። አይደለም። መርከቧ በውሃ ደረጃዎች (ውሃ በሚሞላባቸው ባለ በር ገንዳዎች) 26 ሜትር ከፍ ብላ ጋቱን ሐይቅ ላይ ትወጣለች፣ ከዚያ በሌላው በኩል ትወርዳለች። ደረጃዎቹን የሚሞላው የዝናብ ውሃ ነው። በ2023 ዝናቡ ሲያጥር በቀን የሚያልፉትን መርከቦች ቁጥር መቀነስ ግድ ሆነ። በግራ ውቅያኖስ፣ በቀኝ ውቅያኖስ፣ መሃሉ ላይ የውሃ እጥረት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለዚህ ነው።

ቬኔዝዌላን በፍጥነት እለፉ ብል ቅር የሚለው አይጠፋም። ሁለት ነገር ብቻ እዩ። አንደኛው የካታቱምቦ ወንዝ ማራካይቦ ሐይቅ የሚገባበት ቦታ ነው፤ በዓለም መብረቅ የሚበዛበት አካባቢ ነው። ሁለተኛው የኦሪኖኮ ዴልታ ነው፤ የዋራኦ ሕዝብ ውሃ ላይ በተተከለ ቋሚ ላይ ቤት ሠርቶ የሚኖርበት።

8. ወንዙ ለምን ጀርባውን ሰጠ?

አትላንቲክን ተሻግራችሁ የጊኒና የሴራሊዮን ድንበር ላይ ስትደርሱ መስመሩ አጠገብ አንድ ትንሽ ምንጭ አለ። የኒጀር ወንዝ ከዚያ ይነሳል። አትላንቲክ በ240 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አለ። ወንዙ ግን ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ሰሃራ ይሄዳል። ቲምቡክቱ አጠገብ ደርሶ ይታጠፋል፣ ተመልሶም ናይጄሪያ ውስጥ ጄባ ላይ መስመራችንን ይቆርጣል። በመጨረሻ ከ4,180 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ያንኑ የሸሸውን ውቅያኖስ ይገባል። አውሮፓውያን እስከ 1830 ድረስ የት እንደሚያበቃ በእርግጠኝነት አያውቁም ነበር። አፉ ላይ ያለው ሰው ግን በየቀኑ ያጠምድበታል።

ዓባይንም አስቡት፤ ጣና ላይ ሲወጣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው የሚነሳው፣ ግብፅ ግን በሰሜን ናት። ወንዝ ሲጠማዘዝ ስታዩ ሁልጊዜ ከፍታውን መዝግቡ፤ የከለከለው ተራራ የት እንዳለ ይታያችኋል።

9. ከተማ ለምን እዚያ ተቀመጠ?

የመጨረሻው ተጠርጣሪ የሰው ውሳኔ ነው። አቡጃ በ9 ዲግሪ መስመር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ጋር ልዩነታቸው ኢምንት ነው። በአቡጃ ወደብ የለም፣ ትልቅ የንግድ መናኸሪያም አልነበረም። በ1976 ናይጄሪያ ዋና ከተማዋን ከሌጎስ ልታወጣ ወሰነች፤ መንግሥቱ በ1991 ተዛወረ። ሌጎስ ዳር ላይ ነበረች፣ ተጨናንቃለች፣ የዮሩባ አገር ናት። አቡጃ መሃል ላይ ናት፣ ከሦስቱ ትላልቅ ሕዝቦች የማንኛውም ዋና መቀመጫ አይደለችም። ስለዚህ ለማንኛውም ከተማ ሁለት ጥያቄ ጻፉ፦ ምድሩ ምን ሰጠው? ሰውስ ምን ፈልጎ መጣ? አቡጃ ላይ ሁለተኛው መልስ ያመዝናል።

10. ወደ ቤት

ቻድንና የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አቋርጣችሁ ደቡብ ሱዳን ስትገቡ ምስሉ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል። ሱድ ነው፤ ስሙ በአረብኛ መዝጊያ፣ ግድብ እንደማለት ነው። ነጭ ዓባይ እዚያ ረግረግ ውስጥ ተበትኖ ግማሽ ያህሉ ውሃው ይተናል። ማላካል አጠገብ ሶባት ወንዝ ይገባበትና ነፍስ ይዘራበታል። ሶባትን ወደ ኋላ ተከተሉት፤ ባሮ ይሆናል፣ ጋምቤላን ያልፋል፣ ኢሉባቦር ደጋ ላይ ያደርሳችኋል። ኑዌሮች ከድንበሩ በዚህም በዚያም አሉ፤ ከብት የሚነዱት ጎርፉን እያዩ ነው፣ ድንበሩን እያዩ አይደለም።

ከዚያ ግምቢ፣ ነቀምት፣ አምቦ። የከፍታ ሥዕላችሁ ከ500 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ከ2,000 በላይ ይወጣል። ደብተራችሁን ገና አትዝጉ። አዲስ አበባ ልትገቡ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራችሁ አዲስ ዓለም መስመሩ ላይ ናት። ምኒልክ ወደ 1900 ገደማ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ግንባታ አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት ነበርና። ሐሳቡን ያስቀየረው ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። የእንጦጦን ዳገት አጉልታችሁ እዩት፤ አሁንም በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ነው።